ከጎን የሚታይ ብርሃን

ብርሃን ለሰው ልጅ የሚሰጠው አገልግሎት ሁለት ነው፤ አንደኛው ማየት ሲሆን ሁለተኛው መታየት ነው። በሌሊት ችቦ ይዞ የሚጓዝ መንገደኛ እግሩ የሚረግጠውን መሬት ያይበታል፤ ከሩቅ የሚመጣውም ሰው በዚያው ችቦ እርሱን ያየዋል። የመጀመሪያውን አገልግሎት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሚጠቅመው ለገዛ ዓይናችን ስለ ሆነም እንጠነቀቅለታለን። ሁለተኛው ግን ጥቅሙ በሌላው ሰው ዓይን በኩል ዞሮ የሚመጣ በመሆኑ ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን። ይህ ልዩነት በአውቶሞቢል ላይ ጎልቶ ይታያል። የፊት መብራቱ የጠፋበት ሾፌር በዚያች ሌሊት ጉዞውን መቀጠል አይችልም፤ የኋላ መብራቱ የጠፋበት ግን ምንም ሳይታወቀው ካገር አገር ይዞራል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው የፈለግነው ይህንኑ የተዘነጋ የኋላ መብራት ነው፤ ይልቁንም ከጎን ለሚመጣ ሰው እንዴት እንደሚታይና ስለ ምን እንደማይታይ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የሰው ሕይወት የሚጠፋው በትልልቅ ምክንያት ብቻ አይደለም።

የተለመደው የኋላ መብራት አሠራር ቀላል ነው። ከውስጥ አምፑል አለ፤ ከአምፑሉ ጀርባ ብርሃኑን ሰብስቦ የሚወረውር የሚያብለጨልጭ ጎድጓዳ ሳሕን አለ፤ ከፊቱ ደግሞ ቀይ ሽፋን ተገጥሞለታል። ጎድጓዳው ሳሕን የተሠራው ብርሃኑ ሳይባክን በቀጥታ ከኋላ ለሚከተለው ሾፌር እንዲደርስ ነው። ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን ለአንደኛው የተሰበሰበው ብርሃን ለሌላው የጎደለ ብርሃን ነው። በዚህም ላይ መብራቱ በመኪናው ገላ ውስጥ ገባ ብሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ ከጎን የሚመለከተውን ሰው ቆርቆሮው ራሱ ይጋርድበታል።

ይህን በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ ጠፍጣፋ መብራት ልክ ከኋላው ቆመን ስናየው ሙሉ ስፋቱ ይታየናል። 60 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ብንዞር 5 ሳንቲሜትር ብቻ ሆኖ ይታየናል። 80 ዲግሪ ስንደርስ ከ2 ሳንቲሜትር ያንሳል፤ 90 ዲግሪ ላይ፥ ማለት ከመኪናው ጎን ትክክል ስንቆም፥ ከነጭራሹ አይታይም። እንግዲህ መብራቱ አልተበላሸም፤ ሽቦውም አልተበጠሰም፤ ነገር ግን እኛ በቆምንበት በኩል እንደሌለ ተቈጥሯል።

ከጎን የሚያየውስ ማነው? የሚል ቢኖር፥ መልሱን አገራችን ራሷ ትሰጠዋለች። የእኛ መንገድ እንደ ሜዳማ አገር መንገድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አይደለም። በሊማሊሞ፥ በጣርማ በርና በዓባይ በረሃ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከፊታችን የሚሄደው መኪና በየጥምዝምዙ ጀርባውን ትቶ ጎኑን ይሰጠናል። በመስቀለኛ መንገድ የሚያቋርጠውም፥ ከነዳጅ ማደያ የሚወጣውም፥ በመንገድ መካከል የሚዞረውም እንደዚሁ ጎኑን እንጂ ጀርባውን አያሳየንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመንግሥት ሥራ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጥተን ስንመለስ መሸብን። መኪናውን የሚነዱት በዕድሜ የገፉ፥ መንገዱን እንደ ግቢያቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ደርሰን በመልካም ፍጥነት ስንጓዝ፥ ድንገት እግራቸውን ፍሬን ላይ ጣሉና መኪናው እየተንሸራተተ ቆመ። እኛ ከፊታችን ከጨለማ በቀር ያየነው ነገር አልነበረም።

«ጋሼ፥ ምን ታየዎት?» ብለን ብንጠይቃቸው፥

«የታየኝስ የለም፤ ማዶ ሲታየኝ የቆየው የቤት መብራት ጠፋብኝ እንጂ። መብራት በድንገት ሲጠፋ የጋረደው ነገር አለ ማለት ነው» አሉን።

እውነትም ከእኛ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ፥ ተሳቢ የሚጎትት ትልቅ ካሚዮን ለመዞር ሲል አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶት ነበር። በጭቃ የተለሰነው ጎኑ የመብራታችንን ጨረር ውጦ አስቀርቶታል። የፊት መብራቱ በአንደኛው በኩል ያለውን ማሳ ያበራል፤ የኋላ መብራቶቹ በሌላው በኩል ያለውን ባሕር ዛፍ ያቀላሉ፤ ወደ እኛ የዞረው ረጅም ጎኑ ግን አንዲት የብርሃን ጭላንጭል አልነበረበትም። የካሚዮኑ ሾፌር ወጣት ነበር፤ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ፥ «አባባ፥ መብራቴ እኮ በርቷል!» አላቸው። ያለውም እውነት ነበር። መብራቱ በርቷል፤ ለእኛ ግን አልበራም።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፥ መኪናው መቆም ሳይጀምር 25 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። በዚያች ሌሊት ያተረፈን እንግዲህ የአንድ አስተዋይ ሰው ዓይን ነው። ነገር ግን የመንገድ ደኅንነት በአስተዋይ ሰው ዕድል ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ሊኖር አይገባውም።

ይህን ጉድለት ሌሎች አገሮች ቀደም ብለው ተመልክተውታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1968 መግቢያ ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አዲስ አውቶሞቢሎች በጎናቸው ላይ መብራት ወይም አንጸባራቂ እንዲኖራቸው ታዘዘ፤ ከ1970 ጀምሮም ሁለቱም ግዴታ ሆኑ። በተባበሩት መንግሥታት ሥር የወጣው የተሽከርካሪ መብራት ደንብ፥ ቁጥር 48 የሚባለው፥ የኋላ መብራት ወደ ውጭ በኩል እስከ 80 ዲግሪ፥ ወደ ውስጥ በኩል ደግሞ እስከ 45 ዲግሪ ድረስ እንዲታይ ያዛል። ርዝመታቸው ከ6 ሜትር የሚበልጥ ተሽከርካሪዎችም የጎን ምልክት መብራት እንዲኖራቸው ይኸው ደንብ ይጠይቃል።

ደንቡን ከወረቀት ወደ ቆርቆሮ ለማውረድ ግን ብልኀት ያስፈልጋል። በየማዕዘኑ አምፑል መጨመር አንድ መንገድ ነው፤ ነገር ግን አምፑል በበዛ ቍጥር ሽቦውም፥ ብልሽቱም፥ ወጪውም ይበዛል። በአሁኑ ጊዜ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ብርሃንን እንደ ውኃ በቦይ መምራት ነው።

የዚህ ነገር ምሥጢር የተገለጠው በእርግጥም በውኃ ነው። ዳንኤል ኮላዶን የተባለ የጄኔቫ ሊቅ፥ ከዕቃ ሥር በቀዳዳ ወጥቶ ወደ መሬት በሚጎብጥ ውኃ ውስጥ ብርሃን አስገብቶ፥ ብርሃኑ ከውኃው ጋር አብሮ እንደሚጎብጥ ለተማሪዎቹ ካሳየ በኋላ ሥራውን በ1842 በጽሑፍ አወጣው። ጆን ቲንዳልም በ1854 ይህንኑ በሎንዶን ከተማ በጉባኤ ፊት አሳየ። ብርሃን በተፈጥሮው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሲሆን፥ በውኃው ውስጥ የጎበጠ የመሰለው ከውኃው ግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ስለ ተጓዘ ነው። ዛሬ የስልክና የኢንተርኔት መልእክት የሚያመላልሰው ፋይበር የሚባለው የመስተዋት ክር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ለመኪና መብራት የሚሆነው ቦይ ከጠራ ፕላስቲክ የተሠራ ዘንግ ነው። ከዘንጉ ጫፍ ኤል.ኢ.ዲ. የምትባለው ትንሽ መብራት ትቀመጣለች፤ ቀይ ብርሃን የምትሰጠዋን ኤል.ኢ.ዲ. በ1962 የሠራት አሜሪካዊው ኒክ ሆሎኒያክ ነው። ከእርሷ የሚወጣው ጨረር የዘንጉን ግድግዳ በሚመታበት ጊዜ፥ ከግድግዳው ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ48 ዲግሪ ያህል ካነሰ፥ ወደ ውጭ ሊወጣ አይችልም፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይመለሳል። እንዲህ እየተመላለሰ ዘንጉ ቢታጠፍም አብሮ እየታጠፈ ይጓዛል።

ይሁን እንጂ ቦይ ውኃውን ይዞ ቢያልፍ ብቻ ማሳው ምን ይጠቀማል? ገበሬ በየእርሻው ትክክል የቦዩን አፍ እንደሚከፍት ሁሉ፥ መሐንዲሱም በዘንጉ ጀርባ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች ይቀርጻል። እያንዳንዱ ጥርስ ከሚያልፈው ብርሃን ጥቂቱን መልሶ በፊት ለፊቱ በኩል ያስወጣዋል። ለመብራቱ ቅርብ በሆነው በኩል ብርሃኑ ብርቱ ስለ ሆነ ጥርሶቹ አነስ ይላሉ፤ ራቅ እያለ ሲሄድ ግን ይጎላሉ። የውኃ አባት የላይኛው ማሳ ጠጥቶ የታችኛው እንዳይጠማ በድርሻ እንደሚያካፍል፥ ይህም ብርሃኑን ከዳር እስከ ዳር እኩል ያደርገዋል። እንግዲህ ዘንጉ ከመኪናው ጀርባ ተነሥቶ ማዕዘኑን ዞሮ ወደ ጎን የተዘረጋ እንደ ሆነ፥ ያችው አንዲት መብራት ከኋላ ለሚከተለውም ከጎን ለሚመጣውም በአንድነት ትታያለች።

በ2000 ቢ.ኤም.ደብልዩ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በፊት መብራቶቹ ዙሪያ የሚያበሩ ቀለበቶችን በዚህ ዘዴ ሠርቶ ባወጣ ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ጌጥ ቈጥሮት ነበር። ጌጥነቱንም አንክድም። ነገር ግን የጌጡ መንገድ ለደኅንነትም ማለፊያ ሆኗል። በአገራችን በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጠ ወዲህ በከተማችን እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ፥ በጀርባቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቀይ የብርሃን መስመር አላቸው። አንባቢያችን ማታ በመንገድ ሲያልፉ ያ መስመር በማዕዘኑ ላይ ታጥፎ ወደ ጎን መድረስ አለመድረሱን ቢመለከቱ፥ በጌጥና በጥቅም መካከል ያለውን ልዩነት በዓይናቸው ያዩታል።

ዘዴው ጉድለት የለበትም አንልም። ዘንጉ ከልክ በላይ በአጭሩ የታጠፈ እንደ ሆነ ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ አምልጦ ይባክናል። መስመሩን የምትመግበው መብራት አንዲት ብቻ ሆና ከተቃጠለች መስመሩ በሙሉ ይጨልማል፤ እንደ አሮጌው አምፑል በጥቂት ብር ገዝቶ መለወጥም ብዙ ጊዜ አይቻልም። አቧራና ጭቃ ደግሞ አዲሱንም አሮጌውንም እኩል ይሸፍናሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ችግር ግን ሌላ ነው። ይህ ብልኀት ቀድሞ የደረሰው ለትንንሾቹና ለአዲሶቹ አውቶሞቢሎች ነው። ጎናቸው የረዘመውና ጨለማቸው የከፋው ግን የጭነት መኪናዎችና ተሳቢዎቻቸው ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው። እነርሱ እስኪታደሱ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥን? አይገባም። ብርሃን የሚመልስ ጥብጣብ የሚባል ነገር አለ፤ ሽቦም አምፑልም አይፈልግም፤ የሚመጣውን መኪና ብርሃን ተቀብሎ ለባለቤቱ ዓይን ይመልሳል። አሜሪካ ከ1993 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠሩ ትልልቅ ተሳቢዎች ቀይና ነጭ ሆኖ የተሠራውን ይህን ጥብጣብ በጎንና በኋላቸው እንዲለብሱ አዝዛለች። በዚያች ሌሊት በካሚዮኑ ጎን ላይ እንዲህ ያለ ጥብጣብ ተለጥፎና ከጭቃው ተጠርጎ ቢሆን ኖሮ፥ የማዶው ቤት መብራት እስኪጋረድ ድረስ መጠበቅ ባላስፈለገን ነበር።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሾፌሮቻችንም መኪና ሲበላሽባቸው ቅጠል ቈርጠው በመንገዱ ላይ በመነስነስ ከኋላ የሚመጣውን ያስጠነቅቃሉ። ይህ ልማድ የሚመሰገን ነው፤ ለማያውቁት ሰው ነፍስ ማሰብ በሕዝባችን ዘንድ እንግዳ ነገር አለመሆኑን ያስረዳልና። ሆኖም ቅጠል በቀን እንጂ በሌሊት አይናገርም። ያንኑ አሳቢነት ለሌሊቱ የሚስማማ ልብስ ብናለብሰው ጉዳዩ ይፈጸማል።

ስለዚህ ባለ ንብረቶች ለካሚዮናቸው ቀለምና ጽሕፈት ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለጎኑ ብርሃን ቢያውሉት፥ ለዓመቱ ቦሎ መኪና የሚመረምሩ ሠራተኞችም ከኋላው ቆመው «በርቷል» ከማለት አልፈው ወደ ጎን ዞር ብለው ቢመለከቱ፥ ሾፌርም ማታ ከመነሣቱ አስቀድሞ በእጁ ጨርቅ ይዞ መኪናውን አንድ ጊዜ ቢዞረው፥ ድካሙ ጥቂት፥ ትርፉ ግን ብዙ ነው። መኪናውን ከዞረ በኋላም አሥር እርምጃ ያህል ወደ ጎን ራቅ ብሎ ይመልከት። ከዚያ ቆሞ የገዛ መኪናው ካልታየው፥ በዚያ አቅጣጫ ለሚመጣው መንገደኛም እንደማይታይ ይወቅ።