ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው የአገራችን ምሳሌ በብዙ ነገር እውነት ነው። ዳሩ ግን ሁለት መሆን የሚጠቅመው፤ ከሁለቱ አንዱ በደከመ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ አስቀድሞ ለተማረ ሰው ነው። ይህነን እኔ የተረዳሁት በአሜሪካ፤ በፍሎሪዳ በሚገኝ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት፤ ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላን መንዳት በተማርሁ ጊዜ ነው። ለቤተ ሰብም የሚጠቅም ምክር ስላገኘሁበት ለክቡራን አንባብያን ልገልጸው ወደድሁ።

ባለ አንድ ሞተሩን አይሮፕላን እነዳ በነበረ ጊዜ፤ አዲስ አበባ ያሉት እናቴ ዘወትር አሳብ ይዟቸው ይኖር ነበር። ወደ ባለ ሁለት ሞተሩ መሻገሬን በነገርኋቸው ጊዜ ግን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንግዲህ አንዱ ቢጠፋ ሁለተኛው አለልህ» ብለው ደስ አላቸው። በዚያው ሳምንት የምማረው ትምህርት ግን ይህ ተስፋ በቀላሉ የሚታመን እንዳልሆነ የሚያስረዳ ነበር። ስለዚህ እውነቱን ነግሬ ላስጨንቃቸው፤ ወይስ ዝም ብዬ በደስታቸው ልተዋቸው እያልሁ ብዙ አሰብሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንማርበት አይሮፕላን ፓይፐር ሴሚኖል ይባላል፤ በያንዳንዱ ክንፉ ላይ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተተክሎበታል። አንዱ ሞተር ሲቆም የሚጐድለው ኃይል እኩሌታው ነው፤ ወደ ላይ የመውጣት ችሎታው ግን ከመቶ 80 እጅና ከዚያም በላይ ይጠፋል፤ የቀረው ኃይል አብዛኛው አይሮፕላኑን በአየር ላይ ለማቆየት ብቻ ያልቃልና። ሙሉ ጭነት ይዞ በአንድ ሞተር ሲበር፤ ከባሕር ወለል 3,800 ጫማ ያህል ከፍታ ከደረሰ በኋላ እንደሚገባ ሊወጣ አይችልም። የፍሎሪዳ ምድር ዝቅተኛ ስለ ሆነ ይህ ይበቃል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ግን መሬቱ ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ነውና፤ በዚያ ከፍታ የቀረው ሞተር የሚያደርገው ርዳታ አወራረዱን ማዘግየት ብቻ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ደኅነኛው ሞተር በአንድ ወገን ብቻ ሲስብ፤ የአይሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ሞተው ሞተር ይዞራል። ነጂውም በደኅነኛው ወገን ያለውን መርገጫ ረግጦ ያቀናዋል፤ ሥራ የፈታው እግር በየትኛው ወገን እንደ ሆነ፤ የሞተውም ሞተር በዚያው ወገን ነው። ይህነን ካረጋገጠ በኋላ፤ የሞተው ሞተር ፕሮፔለር ነፋስ እንዳይገታው ስለቱን ወደ ፊት ያዞረዋል። ነገር ግን ፍጥነቱ 56 ኖት፤ ይኸውም በሰዓት 104 ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነው ከቀዩ ምልክት በታች ከወረደ፤ መርገጡ አይበቃም፤ አይሮፕላኑም ወደ ሞተው ወገን ሊገለበጥ ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚያድነው ኃይል መጨመር አይደለም፤ የደኅነኛውን ሞተር ኃይል ቀንሶ አፍንጫውን ዝቅ በማድረግ ፍጥነት ማግኘት ነው። የሰው እጅ በፍርሃት ጊዜ መጨመርን ይወዳልና፤ መምህራችን ከምድር ብዙ ርቀን ሳለን ይህነን ደጋግመው ያለማምዱን ነበር።

በመጨረሻ እውነቱን ልነግራቸው ቈረጥሁ። እናቴ ያደጉት በገጠር ስለ ሆነ፤ «በአንድ ቀንበር ከተጠመዱት በሬዎች አንዱ ቢወድቅ፤ አራሹ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፤ «የቆመውን ቶሎ ይገታዋል እንጂ ጅራፍ አያነሣበትም፤ ቢያነሣበትማ የወደቀውን አንገት ያስሰብራል፤ ሞፈሩንም ያጣል» አሉኝ። የእኔም ትምህርት ይኸው ነው ብዬ ሁሉን ገለጽሁላቸው።

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላም፤ «አባትህ ያረፉ ጊዜ እኔም ያደረግሁት ይህነኑ ነው። ዘመዶች ሁሉ፤ በርቺ፤ ቤቱ እንደ ዱሮው ይቁም ይሉኝ ነበር። እኔ ግን የመሬቱን እኩሌታ ለእኩል አራሽ ሰጠሁ፤ ድግሱንም ዝክሩንም አሳነስሁ። ሁሉን እንደ ዱሮው ልያዝ ብል ኖሮ፤ እናንተንም ይዤ በወደቅሁ ነበር» አሉኝ። እኔ በልጅነቴ ያንን ማሳነስ ድህነት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የነጂ ጥበብ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ መጸለይን አልተዉም፤ ጥያቄያቸው ግን ተለወጠ። «ሞተሩ ደኅና ነውን?» ማለትን ትተው፤ «ዛሬ መምህርህ ስንት ጊዜ አጠፉብህ?» ይሉኝ ጀመር። ፈታኙም በመጨረሻው ፈተና አንዱን ሞተር በቀነሱብኝ ጊዜ፤ እጄ አልቸኰለም።

እንግዲህ ቤት የሠሩ ባልና ሚስት ሁሉ፤ ሁለት መሆናቸውን ብቻ ዋስትና አያድርጉት። አንዱ በሕመም ወይም በሞት ቢጐድል፤ የቀረው የትኛውን ሥራ እንደሚይዝ፤ የትኛውንም እንደሚተው፤ ሁለቱም በጤና ሳሉ ይመካከሩ። ዘመድም ብቻውን የቀረውን ሰው በርታ እያለ ከማስጨነቅ ይልቅ፤ ሸክሙን ያቃልልለት።