ከኳስ ግጥሚያ በፊት ስለሚበላ ማዕድ

በአሜሪካ፥ በዊስኮንሲን ግዛት ዋና ከተማ በማዲሰን፥ በመጸው ወራት ቅዳሜ ቀን የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋራ የአሜሪካን ኳስ ይጋጠማሉ። የባላጋራውን ቡድን ተከትሎ የመጣ እንግዳ አስቀድሞ ወዴት ሄዶ ይብላ?

ማለዳ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት አደባባይ ይውጣ፤ በዚያ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬዎች ያመረቱትን ራሳቸው ይሸጣሉ። ትኩሱ ዓይብ ሲታኘክ በጥርስ ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከዚያም በስቴት መንገድ ወርዶ፥ በሜንዶታ ሐይቅ ዳር በ1928 ወደተከፈተው የተማሪዎች ኅብረት ቤት ይድረስ፤ ከጀርመን የመጡ ሰፋሪዎች ያስለመዱት ብራትዉርስት የሚባለው ቋሊማና ቢራ በዚያ ይገኛል። ቋሊማው አብዛኛውን ጊዜ ከእሪያ ሥጋ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ሃይማኖቱ የሚከለክለው ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ቢራውም በልክ ይሁን።

ካምፕ ራንዳል የሚባለው የመጫወቻው ሜዳ፥ ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት 70 ሺህ የሚያህሉ ወታደሮች የሠለጠኑበት ሰፈር ነበረ። ዛሬ ግን በዚያው አቅራቢያ ቀይ የለበሰው ባለአገር፥ ሌላ ቀለም ለለበሰው እንግዳ ቋሊማ ጠብሶ ያቀርብለታል። ከአንድ ማዕድ የበሉ ሰዎች፥ ማታ ማንም ቢሸነፍ፥ ቂም ይዘው አይለያዩም።