በጣት ላይ ስለሚደረገው መሣሪያ

ባለፈው ክረምት እናታችን በሳንባ ሕመም ተይዘው ወደ አንድ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። በዚያም እንደ ልብስ መቈንጠጫ ያለች ትንሽ መሣሪያ በጣታቸው ላይ ቢያደርጉ 93 የሚል ቍጥር ታየ፤ ይህ ደኅና ነውና ወደ ቤታችሁ ተመለሱ አሉን። እናታችን ግን «ልጄ፥ ደረቴን ድንጋይ ተጭኖኛል» ይሉ ነበር። እኛም ዘመናችንን ሁሉ በችሎት የምስክር ቃል ስንጽፍ የኖርን ስንሆን፥ የእናታችንን ቃል ትተን የመሣሪያዪቱን ቃል አመንን።

የመሣሪያዪቱ ሥራ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ብልሃቱን ጃፓናዊው ታኩኦ አኦያጊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. ገለጡት። ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየው ሌላ ብርሃን በጣት ውስጥ ያልፋሉ። ኦክሲጅን የሚባለውን አየር የጠገበ ደም ቀዩን ብርሃን ያሳልፋል፤ የጐደለው ደም ግን ይውጠዋል። ቆዳና አጥንትም ብርሃን መዋጣቸው አይቀርም፤ ነገር ግን በልብ ምት ከፍና ዝቅ የሚለው የደም ሥር ደም ስለ ሆነ፥ መሣሪያዪቱ ያንን ለይታ ትለካለች። እንዲህም ሆኖ ሥጋ ሳይበጣ የውስጡ ነገር ይታወቃል።

ሆኖም በጥቍር ቆዳ ላይ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው አብልጣ ትናገራለች። በአሜሪካ የሚሺጋን ሐኪሞች በ2020 እንደ ጻፉት፥ መሣሪያዪቱ ከ92 እስከ 96 ባሳየችበት ጊዜ ደሙ ራሱ ቢመረመር ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው፥ በነጮች ከመቶው 3.6፥ በጥቍሮች ግን ከመቶው 11.7 ነበር። አስቀድሞ የተፈተነችው በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ጣት ነበርና፤ ዳኛ ቢሆን የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ፈረደ ባልነው ነበር።

በሦስተኛው ሌሊት እናታችን መናገር ቢያቅታቸው ወደ ሌላ ሐኪም ቤት ሮጥን። በዚያም ቍጥሩ ያው 93 ነበር። ሐኪሟ ግን ትንፋሻቸውን ቈጥረው፥ ከእጃቸው የደም ሥር ደም ቀድተው ቢያስመረምሩ 85 ሆኖ ተገኘ። ዘጠኝ ቀን ኦክሲጅን ተሰጣቸው፤ ዳኑም።

ዛሬ መሣሪያዪቱ በቤታችን አለች። እናታችን የጥፍራቸውን እንሶስላ ትተው፥ ማለዳ እጃቸውን አሙቀው ይዘረጋሉ። እኛም አስቀድመን «ትንፋሽዎ እንዴት አደረ?» ብለን የሚሉትን እንጽፋለን፤ ቍጥሩንም ከበታቹ አድርገን ከትናንቱ ጋራ እናስተያያለን። ስለዚያ ስለ መጀመሪያው ቀን ግን እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅናቸውም።