አፍዝ አደንግዝ፦ ጠላትን ሳይገድሉ ስለማስቆም

አዲስ አበባ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ቨርጂኒያ ገና ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ታላቅ ወንድም የታክሲ ሥራውን ጨርሶ ቤቱ ይገባል። ታናሽ ወንድም ቁርሱን ሳይቀምስ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። መብራት ካልጠፋና ኔትወርክ ካልተቆራረጠ ሁለት ሰዓት ያህል አብረው ይጫወታሉ። ጌሙ «ባልደርስ ጌት 3» ይባላል፤ ላሪያን ስቱዲዮስ የተባለው የቤልጂየም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ነው።

ታላቅየው መጥረቢያ የያዘ፣ ሲቆጣ ጉልበቱ የሚጨምር ተዋጊ ነው። ታናሹ ጠንቋይ ነው። የዛሬ ወር ግድም አንድ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ስድስት ጠላት ገጠማቸው። ጠንቋዩ የሚሽከረከር የብርሃን ሐረግ አየር ላይ ዘረጋ። አራቱ ጠላቶች ብርሃኑን እያዩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ሁለቱ ግን አልተያዙም።

«ወንድም ጋሼ፣ እሱን እንዳትነካው! ፈዟል!»

«የፈዘዘ ጠላት እያለልኝ የነቃውን ላሳድድ? ልጨርሰው እንጂ!»

መታው። የተመታው ነቃ። ተራው ሲደርስ ቀጥ ብሎ ወደ ጠንቋዩ ሄደና በጎራዴ ሸነተረው። ጠንቋዩ ሐሳቡ ተበታተነ፤ ብርሃኑ ጠፋ፤ የቀሩት ሦስቱም ነቁ። ከሁለት ዙር በኋላ አራቱም የወንድማማቾቹ ሰዎች መሬት ላይ ተዘርረው ነበር።

እዚህ ላይ ጌም የማይጫወት አንባቢ «ይሄ ደግሞ ምን ይጠቅመናል?» ሊል ይችላል። ትንሽ ይታገሥ።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ድግምት ከጥንት ጀምሮ ስም አለው፤ አፍዝ አደንግዝ። ሌባ የቤቱን ሰው አፍዞ ንብረቱን ጠራርጎ ወጣ ሲባል፣ ተከሳሽ ዳኛውን አደንግዞ ፍርድ አጣመመ ሲባል ያልሰማ የለም። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልቆሰለም፤ ግን እጅ ታስሯል፣ አፍ ተዘግቷል። ጌም ተጫዋቾች ይህንኑ «ክራውድ ኮንትሮል» ይሉታል፤ ሲያሳጥሩት «ሲሲ»። ፖሊስ ሰልፍ ሲበትን የሚጠራበት ቃልም ይኸው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ገና ሲወጣ ማስተኛና ማማለያ ድግምት ነበረው። «ባልደርስ ጌት»ን የመሳሰሉት የኮምፒውተር ጌሞች ሕጋቸውን የወሰዱት ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ኤቨርክዌስት» ደግሞ «ኢንቻንተር» የሚባል ባለሙያ ነበረው። ዋና ሥራው ማፍዘዝ ነው፤ ብዙ ቡድን እሱ ሳይገኝ ከባድ ቦታ ለመግባት አይደፍርም ነበር።

ለምን ይህን ያህል ተፈላጊ ሆነ? ሒሳቡ ቀላል ነው። አራት ሰው ያለው ቡድን ስድስት ጠላት ገጠመ እንበል። ነገሩን ለማቅለል እያንዳንዱ በየዙሩ አንድ ምት አለው። ስለዚህ አራት ምት ይሄዳል፣ ስድስት ምት ይመጣል። ጠንቋዩ የእሳት ኳስ ቢወረውር ስምንት ባለ ስድስት ገጽ ዳይ ይጣላል፤ አማካዩ ጉዳት 28 ነው። ጠላቶቹ 40፣ 40 የሕይወት ነጥብ ካላቸው 12፣ 12 ይቀራቸዋል። ሲያዩት ያምራል፤ አዳራሹ በሙሉ ይነዳል። ግን በዚህ ጌም 12 ነጥብ የቀረው ጠላት 40 ካለው እኩል ነው የሚመታው። ቁስለኛ ክንዱ አይዝልም። ተራቸው ሲደርስ ስድስቱም ይመታሉ።

ከእሳት ኳስ እኩል ደረጃ ያለው የማፍዘዣ ድግምት ግን አንድም ጠላት አያቆስልም። ከስድስቱ አራቱን ከያዘ የሚመጣው ምት ሁለት ብቻ ይሆናል። አራት ለስድስት የነበረው ፍልሚያ አራት ለሁለት ሆነ። አዋቂ ተጫዋች በዚያች ጊዜ የነቁትን ሁለቱን ተረባርቦ ይጥላል፤ ከዚያ የፈዘዙትን አንድ በአንድ ይነካል። ታላቅ ወንድም ያልገባው ይህ ነበር።

ዓይነቱ ብዙ ነው። መሬቱን በቅባት አንሸራትቶ መጣል አለ። ማስፈራራትና ማባረር አለ። ጠላትን አማልሎ ወዳጅ ማስመሰል አለ። የሸረሪት ድር መንገድ ላይ ዘርግቶ መያዝም አለ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ግን እሳት ከነካው ድሩ ይነዳል።

ይህ ሁሉ ታዲያ በነፃ አይገኝም። ጌሙ ሐቀኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ሊስት ይችላል፤ ቢይዝም ይላላል። 5ኛ ደረጃ የደረሰና የአእምሮ ነጥቡ 18 የሆነ ጠንቋይ ድግምት ሲጥል ጠላት ማለፍ ያለበት ቁጥር 15 ነው። ጠላት ባለ 20 ገጽ ዳይ ይጥላል፤ የራሱ 1 ነጥብ ይጨመርለታል። ስለዚህ የመያዝ ዕድሉ 65 በመቶ ነው። ሰውን እንደ ሐውልት የሚያደርቀው ድግምት ደግሞ ለተያዘው በየተራው መጨረሻ እንደገና ዕድል ይሰጠዋል። ከአንድ ተራ በኋላም እንደተያዘ የመቆየት ዕድሉ ወደ 42 በመቶ ይወርዳል፤ ከሁለት ተራ በኋላ ወደ 27። ማሰሪያው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ እየላላ ነው።

ሁለተኛ፣ ያሰረ ሰው ራሱም ታስሯል። እነዚህ ድግምቶች አብዛኞቹ የጠንቋዩን ሙሉ ሐሳብ ይጠይቃሉ፤ እንዲህ ዓይነት ድግምት በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መያዝ አይቻልም። ሌላ ልጨምር ካለ የመጀመሪያው ይለቀቃል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው። ሲመታ ደግሞ ሐሳቡ መጽናቱ በዳይ ይፈተናል፤ ማለፊያው ቁጥር 10 ወይም የደረሰበት ጉዳት ግማሽ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይያዛል።

ሦስተኛ፣ ድግምቱ ሲደጋገም ኃይሉ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ውስጥ ጠንቋይ ተቃራኒውን ወደ በግ ይቀይረዋል። በጉ ጉዳት ከደረሰበት ወዲያው ሰው ይሆናል። ተጫዋች ከተጫዋች ሲጋጠም ደግሞ ያንኑ ድግምት በተከታታይ በአንድ ሰው ላይ ቢጥሉት ሁለተኛው የሚቆየው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፤ ሦስተኛው ሩቡን። አራተኛው ጭራሽ አይሠራም።

አራተኛ፣ በትልቁ ላይ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው በአምስተኛው የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሕግ ያረጀ ዘንዶና መሰሎቹ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ «አልተያዝኩም» ብለው ማለፍ ይችላሉ። ዳዩ ቢያዝባቸውም እንኳ።

አራቱ ሲደመሩ የሚሰጡት ትምህርት አንድ ነው። አፍዝ አደንግዝ ድል አይደለም። የሁለት ወይም የሦስት ዙር ፋታ ነው። በፋታዋ ውስጥ ሥራ ካልተሠራ የፈዘዘው ይነቃል፤ የአፍዛዡም ድግምት አልቋል፣ ጠላቱም አንድ ነጥብ አልጎደለበትም።

ወቅታዊ ጉዳይ ለሚከታተል ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ በመስከረም 2009፣ በየካቲት 2010፣ በጥቅምት 2014 እና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ስለ እያንዳንዱ አስፈላጊነት መከራከር ይቻላል። ግን ከክርክሩ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የጌም ተጫዋች ጥያቄ ነው፦ በተያዘው ጊዜ ውስጥ ምን ተሠራ? ሰላም ወርዷል ተብሎ የተከበረው ዝምታ ውስጥ ማን ምን ፈታ? ፋታን መፍትሔ ነው ብሎ የሚያከብር ቡድን በሚቀጥለው ዙር ይዘረራል።

ነገሩ መንግሥት ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ወደ ሁለቱ ወንድማማቾች እንመለስ።

አባታቸው ያረፉት የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ነው። እናታቸው ቀድማ ሄዳለች። የቀረው ታናሹ የሚኖርበት ቤት ነው። ታላቅየው ቤቱ ሲታደስ ከውጭ ገንዘብ ልኳል፤ ተሽጦ ድርሻው እንዲሰጠው ይፈልጋል። ታናሹ አባቱን እስከ መጨረሻው ያስታመመው እሱ ነው፤ ከዚያ ቤት ወጥቶ የት እንደሚሄድ አያውቅም። በአርባቸው ቀን ነገሩ ሊፈነዳ ሲል የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ገቡ። «ሙት ዓመታቸው እስኪወጣ ማንም ስለ ቤት እንዳያነሳ» አሉ። ሁሉም ተስማማ። ጥሩ አፍዝ አደንግዝ ነበር፤ ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አልተሰደበም።

ዓመቱ አለፈ። በዚያ ዓመት ማንም ወረቀት አላገላበጠም፤ ማንም ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ አልጠየቀም፤ አንዱ የሌላውን ድርሻ ቀስ በቀስ ከፍሎ ማስቀረት ይችል እንደሆነ ማንም አላሰላም። ሙት ዓመቱ በወጣ በሳምንቱ አንድ ደላላ በሩን አንኳኳ። የላከው ታላቅየው ነበር። ሁለቱ በስልክ ተጯጯሁ። እህታቸው «እባካችሁ እስከ ፋሲካ ተዉት» ብላ ለመነች። ተዉት። ይኼኛው ግን ፋሲካን አልደረሰም። ከዚያ በኋላ በቀጥታ መነጋገር አቆሙ። የቀራቸው የእሑድ ጠዋቱ ጌም ብቻ ነው፤ በጌሙም ላይ ስለ ጌሙ ብቻ ያወራሉ።

አራቱም ሰዎቻቸው የተዘረሩበትን አዳራሽ በማግሥቱ እሑድ እንደገና ገቡበት። ጠንቋዩ ብርሃኑን ዘረጋ። አራቱ ፈዘዙ፣ ሁለቱ አልፈዘዙም። ታላቅየው መጥረቢያውን አነሳና ትንሽ ዘገየ።

«የትኛውን ነው?»

«የነቃውን። በስተቀኝ ያለውን።»

ሁለቱ የነቁት ወደቁ። ከዚያ የፈዘዙት አንድ በአንድ። ከቡድኑ ማንም አልሞተም። ታላቅየው ሳቀ፤ ታናሹ ከዓመት በላይ ያልሰማው ሳቅ ነበር። ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ፤ በማይክራፎኑ የሚሰማው የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ካርታው የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«የቱ? የጌሙ?»

«የቤቱ።»

ቨርጂኒያ ሌሊት 9 ሰዓት ሊሆን ነው። መኪናው ጠዋት ለሥራ ትፈለጋለች። ታላቅየው ወዲያው አልመለሰም። ታናሹ ኔትወርኩ ተቋርጦ እንደሆነ ብሎ ስክሪኑን አየ፤ አልተቋረጠም።

«እማዬ ሳጥን ውስጥ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ቆይ፣ ጌሙን ልዝጋውና ደውልልኝ።»