የመንገዱ ጫፍ

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ትርቃለች? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ቡናው እስኪፈላ ሁለት ሰው እንዲከራከርልዎ ከፈለጉ ግን ይሄን ይጠይቁ። አንዱ 505 ይላል፣ ሌላው 435። ሁለቱም ቁጥር ታትሞ ይገኛል፣ ሁለቱም ሰውዬ እውነቱን ነው። ባለ 505ቱ በሞጆና በሻሸመኔ ዞሮ የሚመጣ ነው፤ ባለ 435ቱ በአለም ገና፣ በቡታጅራና በሆሳዕና የሚያቆራርጥ። ከተማዋ ካለችበት ንቅንቅ ሳትል ወደ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ መዲናዋ ተጠጋች ማለት ነው፤ በአገራችን ያለ ደብዳቤ የተፈጸመ ዝውውር ቢኖር ይሄ ብቻ ይመስለኛል።

መነሻውም ቢሆን አርፎ አልተቀመጠም። ድሮ የክፍለ ሀገር ሰው የሚሳፈረው መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ ነበር፤ መደናገር የለም፣ ኪስ አውላቂ ብቻ ነው ያለው። ኋላ መናኸሪያዎቹ ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ሲበተኑ የሻሸመኔው መስመር ቃሊቲ፣ የሆሳዕናው መስመር አየር ጤና ሆነና ተሳፋሪው ገና ጫማውን ሳያስር መንገዱን መምረጥ ግድ ሆነበት። በዚህ ላይ ከሞጆ እስከ ባቱ 92 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ ተዘርግቶ ረጅሙ መንገድ ከአጭሩ ጋር መፎካከር ጀምሯል። ረዳቱ ግን በየትኛውም መናኸሪያ ያው ነው፦ «የቀረው አንድ ሰው ነው፣ አንድ ሰው!» እያለ ሦስት ባዶ ወንበር ያስጎበኝዎታል።

ሁለቱ መንገዶች ሶዶ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም፤ መንገዱ ሁምቦ ጠበላን አልፎ፣ ቡናማውን የአባያ ሐይቅ በግራ፣ የጋሞን ተራሮች በቀኝ እያሳየ፣ በብርብር በኩል ላንቴ ይደርሳል። ላንቴ የሙዝና የማንጎ አገር ነው። መኪና ዝግ ሲል ሻጮቹ ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ፤ አንዷ ልጅ በሁለት እጇ ሙዝ እንደታቀፈች «ኦቾሎ የቱ ጋ ነው የኔ ልጅ?» ብለው ቢጠይቋት፣ ሙዙን መሬት አታስቀምጥም፣ አፏንም አትከፍትም፤ አገጯን ብድግ ታደርገዋለች። አገጩ በጠቆመበት ቀና ሲሉ፣ ከቋጥኝ ትከሻ ላይ፣ ማን አሳድዶት እዚያ እንደወጣ የሚያስገርም መንደር ይታያል። እሱ ነው ኦቾሎ። ልጅቷ አገጯን ከመለሰች በኋላ ዓይኗን ከእርስዎ ላይ አታነሳም፤ መልስ ሰጥታለች፣ አሁን ተራው ሙዝ የመግዛት ነው።

ይሄን መንደር ያነሳሁት ለአንድ ነገር ይመቸኛል ብዬ ነው፦ ከታች ያለው መንገድ ጫፉን በቀያየረ ቁጥር ኦቾሎ ከላይ ሆኖ ሲያይ ኖሯል።

የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ መጀመሪያ ጨንቻ ነበረች። ጨንቻ ከ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጉምና ብርድ ያለባት ደጋ ናት። ያኔ ለባለጉዳይ የመንገዱ ጫፍ እዚያ ነበር፤ ወደ ላይ፣ ወደ ብርዱ። በ1950ዎቹ መቀመጫው ቆላ ወረደና አርባ ምንጭ ዋና ከተማ ሆነች፣ ከጨንቻ ከፍታ ከግማሽ በታች በሆነ ቦታ ላይ። እንግዲህ በጋቢ ተጀቡኖ ጧት ከደጋ የሚነሳው ሰው እያንዳንዱን ጠመዝማዛ በታጠፈ ቁጥር ልብሱን ይፈታ ጀመር፤ መጀመሪያ ጫፉን ከአፉ ላይ ያወርደዋል፣ ቀጥሎ ከትከሻው፣ ዶርዜን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀምር አጣጥፎ ጭኑ ላይ፣ ታች ሲደርስ ብብቱ ሥር። ዛሬም ይሄን ጋቢ የማጠፍ ሥርዓት ማየት ለሚሻ የጨንቻ መኪና ውስጥ መቀመጥ ይበቃዋል። የጨንቻም መንገድ ከዋናው ተገንጥሎ የሚወጣ ቅርንጫፍ ሆኖ ቀረ።

አርባ ምንጭም ጫፍ ሆና አልዘለቀችም። መንገዱ ወደ ኮንሶ ወረደ፤ ከኮንሶ አንዱ ክንፉ ወደ ጂንካ፣ ሌላው ወደ ያቤሎ አቅንቶ ከሞያሌው መንገድ ጋር ተገናኘ። ለሾፌሩ አርባ ምንጭ አሁን ምሳ የሚበላባት ናት።

የባለጉዳዩን መንገድ ግን ሌላ ቆጣሪ ይቆጥረዋል። የታጠፈ ማስረጃ በፌስታል ጠቅልሎ በኮቱ ደረት ኪስ የያዘ፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር ደረቱን ዳሰስ የሚያደርግ ሰው አይተው ያውቃሉ? ያ ሰው የኦቾሎ ሰው ቢሆን፣ አያቱ ጨንቻ ይወጡ ነበር። አባቱ አርባ ምንጭ ይወርዱ ነበር። ሰሜን ኦሞ የተባለው ዞን በ1993 ዓ.ም. ተከፋፍሎ ጋሞ ጎፋ ራሱን ሲችል፣ በ2011 ደግሞ ጋሞ ብቻውን ዞን ሲሆን፣ የዞኑ ነገር እዚያው አርባ ምንጭ ቀረ፤ የክልል ጉዳይ ያለው ግን ሐዋሳ ድረስ ይዘልቅ ነበር። በ2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፣ ዋና መቀመጫው ወላይታ ሶዶ ሆነ፣ ቢሮዎቹም ለሶዶ፣ ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላ፣ ለጂንካ፣ ለሳውላና ለካራት ተከፋፈሉ። አሁን ባለጉዳዩ ላንቴ አስፋልት ዳር ቆሞ እጁን ከማንሳቱ በፊት የቱ ቢሮ የት እንዳለ ማሰብ አለበት፤ ወይ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ፣ ሁለቱም መጨረሻ ሊሆን ይችላል። አስፋልት የሚያልቀው ባሕር ሲገጥመው ነው፣ መንገድ የሚያልቀው ማህተም ሲገኝ።

ከላይ ያለውን ቋጥኝ ይሄ ሁሉ ሳያስቀው አይቀርም። ማርክ አቤሌስ የሚባል ፈረንሳዊ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ኦቾሎ ተቀምጦ የሸንጎውን ወግ አጥንቶ በ1983 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መጽሐፍ አሳትሟል፤ ሰው ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ ሥፍራ ላይ ተሰብስቦ ተራ በተራ እየተነሳ የሚናገርበትን፣ ነገር የሚቋጭበትን ሥርዓት። ፓሪስ ድረስ የተነበበ ጉባኤ ነው። እዚያ የሚያልቅ ነገር ያለው ሰው ትኬት አይቆርጥም፣ ደረት ኪሱንም አይዳስስም፤ ጎረቤቱ ምን እንደሚለው ብቻ ነው የሚያሳስበው፣ እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

እንግዲህ ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ በየትኛው መስመር እንደሚመጡ አልመርጥልዎትም። አጭሩን የሚወድ በሆሳዕና ይምጣ፣ ፍጥነት የሚወድ በሞጆ። ወንበር ሲመርጡ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፦ ከሶዶ በኋላ ሐይቁን የሚፈልግ በግራ፣ ኦቾሎን የሚፈልግ በቀኝ ይቀመጥ። የሁለቱም ዋጋ እኩል ነው፤ ረዳቱ ይሄን ገና አልነቃበትም።