ስለ ወሰን

ወሰን ማስመር የእንጀራ ሥራዬ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ፈጽሜ በምዕራብ ሸዋ፥ በአምቦ ከተማ፥ በመሬት አስተዳደር ሥራ ከተቀጠርሁ እነሆ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ይዘን ወደ ገበሬው ማሳ እንወርዳለን፤ ባለይዞታውና ጎረቤቶቹም ቆመው «ወሰናችን በዚህ ነው» እያሉ ሲመሰክሩ በሥዕሉ ላይ መሥመር እንስባለን። ፎቶግራፉ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ማሳዎች አንድ ዓይነት ጤፍ የተዘራባቸው እንደሆነ ከላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉና። በሰው ገላ ውስጥም እንዲህ ያለ ወሰን የሚሰመር መሆኑን ግን በታላቅ እኅቴ ሕመም ምክንያት እስካውቅ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

እትዬ የምትኖረው በጊንጪ ነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ቅቤ ነግዳ ያሳደገችኝና ያስተማረችኝ እርስዋ ናት። ድምፅዋ መሻከር ሲጀምር «ብርድ ነው» አለች፤ እኔም አመንኋት። መዋጥ ባስቸገራት ጊዜ ግን በሆለታ መንገድ ይዣት ወደ አዲስ አበባ ሄድሁ። ሐኪሞቹም ከጉሮሮዋ ቅንጣት ሥጋ ወስደው መረመሩና፥ አባቶቻችን ነቀርሳ ይሉት የነበረው ካንሰር መሆኑን ነገሩን። ሕክምናው በጨረር እንዲሆን ተወሰነ።

ጨረር የታመመውን ሥጋ ከጤነኛው ለይቶ አያውቅም፤ የሚለይለት ሐኪሙ ነው። ሐኪሙም ሥራዬን ጠይቆ በተረዳ ጊዜ ፈገግ ብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ አቀረበኝ። ሲቲ ስካን የሚባለው መሣሪያ በሰውነት ዙሪያ እየዞረ ብዙ ራጅ ያነሣል፤ ይህም በሒሳብ ተቀናብሮ አንገቱን እንደ ተቈረሰ ዳቦ ስስ ስስ አድርጎ ያሳያል። የአንዱ ቁራጭ ውፍረት 3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሐኪሙ በያንዳንዱ ቁራጭ ላይ መሥመር ይስባል። የመጀመሪያው መሥመር በዓይን የሚታየውን እብጠት ይከባል። ሁለተኛው ሰፋ ብሎ፥ በሥዕል ባይታይም በሽታው ሳይዛመትበት አልቀረም ተብሎ የሚጠረጠረውን ሥጋ ያጠቃልላል። ሦስተኛው ደግሞ በሽተኛው በየቀኑ ሲተኛ ጥቂት ፈቀቅ ማለቱ ስለማይቀር ለዚያ የሚተው ትርፍ ነው። ሥጋ ከሥጋ አልለይ ያለ እንደሆነ ኤም አር አይ የሚባለው ሥዕል ይጨመራል፤ የሐኪሙ እጅና የጉሮሮ መመልከቻውም እንደ ጎረቤት ይመሰክራሉ።

«አንዳች እንዳይቀር ለምን አስፍተው አያሰምሩትም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ስፋቱ ከማን ላይ ይወሰዳል?» ሲል መለሰልኝ።

እብጠቱ 70 ግሬይ ያህል ጨረር፥ በ7 ሳምንት ውስጥ ለ35 ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጠዋል። ከኋላው ያለው ኅብለ ሰረሰር የሚደርስበት ግን ከ45 እስከ 50 ግሬይ ካለፈ ያሠጋል። በግራና በቀኝ ያሉት የምራቅ ዕጢዎችም ከዚያ እጅግ ባነሰው ይደርቃሉ። መሥመሩ ቢጠብ በሽታው ይተርፋል፤ ቢሰፋ ጤነኛው ይጎዳል።

ይህ ጥበብ ከአህጉራችን የራቀ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. በኬፕ ታውን ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ አለን ኮርማክ፥ ለጨረር ሕክምና የሚሰላው መጠን አጥንትን ከሳንባ፥ ሥጋን ከአየር ሳይለይ መሆኑን ተመልክቶ ወደዚህ ምርምር ገባ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድም መሣሪያውን ሠርቶ በ1971 የመጀመሪያዋ በሽተኛ ተነሣችበት፤ በ1979 ሁለቱም የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። በአገራችንም በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት መሣሪያ የተጀመረው የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ለመላው ኢትዮጵያ ብቸኛው ነበር፤ ኋላም በጅማና በሌላ ስፍራ ተከፈተ።

የእትዬ ሥዕል ከተነሣ በኋላ ግን ተራ ጠብቁ ተባልን። አራት ወር ጠበቅን። ተራችን በደረሰ ጊዜ ሐኪሙ የቀድሞውን ሥዕል አይቶ፥ «ይህ አርጅቷል» አለና እንደገና አስነሣት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያሳየኝ እብጠቱ የዱሮውን ወሰን አልፎ ሄዷል። ወሰን የሚገፋ ገበሬ እንኳ በየዓመቱ የሚገፋው አንድ ትልም ነው! ስለዚህ አዲሱ መሥመር በቀኝ በኩል ያለውን የምራቅ ዕጢ ሊያተርፍላት አልቻለም።

በዚያች ሰዓት፥ እውነቱን ልናገርና፥ በተራ አስጠባቂዎቹ ላይ ከመቈጣቴ በፊት በአምቦ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመሩት መዝገቦች ትዝ አሉኝ። ከመካከላቸው የአንዲት ባልቴት አቤቱታ ነበረ። «ነገ ተመለሺ» ስላት አንድ ክረምት አለፈ፤ ፎቶግራፉን ይዤ በወረድሁ ጊዜ ድንበሩ ታርሶ፥ የወሰኑ ድንጋይ ተነቅሎ አገኘሁት። በሥዕሉ ላይ ያለው መሥመር ትክክል ነበር፤ ከመሬቱ ጋር ግን አልተገናኘም።

እትዬ ፊቷን በልኩ በተሠራ ጭንብል ከአልጋው ጋር እየታሰረች 35ቱንም ጊዜ ፈጸመች። እነሆ ሁለት ዓመት አለፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ድምፅዋም ተመልሷል። ሆኖም አፏ ስለሚደርቅ የውሃ ጠርሙስ ከእጅዋ አይለይም። ባለፈው ወደ እኔ በመጣች ጊዜ እንደ ልማዴ የአምቦ ውሃ ቀዳሁላት። ቀምሳ መለሰችልኝና፥ «ያቃጥለኛል፤ አንተ ጠጣው። ለእኔ የቧንቧውን ስጠኝ» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፥ የድምፅ መሻከር ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው ሲያጋጥምህ «ብርድ ነው» ብለህ አታሰናብተው፤ ወደ ሐኪም ላከው። የሰው ጉዳይ በእጅህ ያለ ባለሥልጣን ወይም ጸሐፊ ከሆንህ ደግሞ፥ ከመዝገቡ በስተጀርባ ያለው ነገር አንተ እስክትመለስ ድረስ ባለበት ቆሞ እንደማይጠብቅ አስብ። የባልቴቲቱን ወሰን በጎረቤቶቿ ምስክርነት እንደገና አስመርሁላት። ከእንግዲህ ግን በጠረጴዛዬ ላይ የወሰን መዝገብ አያድርም።