ከስቶክሆልም ሚላን፦ ወንድሜን ከእህቴ ያገናኘች የ58 ዩሮ ቲኬት

ዛሬ ስለ ራሽንም ስለ ሪሴትልመንትም አልጽፍም። ስለ አውሮፕላን ቲኬት ነው። "ካኩማ ቁጭ ብሎ ስለ አውሮፓ በረራ የሚያወራው ምን ነክቶት ነው?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አውሮፓ ውስጥ የተበታተነ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ይጠቅመዋል።

አባታችን ያረፈው ደሴ ነው። ከልጆቹ አንዳችንም አፈር አላለበስነውም። እኔ እዚህ ነኝ። ታላቅ እህቴ ሚላን ውስጥ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ታናሽ ወንድሜ ስቶክሆልም መጋዘን ውስጥ ይሠራል። የሁለቱም ትራቭል ዶክመንት ለብዙ አገር ይሆናል፣ ለአገራችን ግን አይሆንም። ስለዚህ መርዶውን በስልክ ሰማን፣ በስልክም አለቀስን። እህቴ "አርባውን እንኳ አብረን እንዋል፤ ብቻዬን ግድግዳ እያየሁ አላሳልፈውም" አለች። እሷና ወንድሜ ከተያዩ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የተለያዩት ካርቱም ነው።

ልጁ በማግስቱ "ቲኬት አገኘሁ" ብሎ ፎቶ ላከልኝ። ደርሶ መልስ 61 ዩሮ፣ በለንደን በኩል። "ወንድም ጋሼ፣ ከዚህ የረከሰ የለም፣ ልግዛው?" አለኝ።

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ካርታ ሳላይ አልመልስም። አተኩሬ ሳየው ነገሩ አንድ ቲኬት አይደለም። የሁለት አየር መንገዶች ቲኬት አንድ ላይ የተቀጠለ ነው። ስታንስቴድ ያርፋል፣ ከጋትዊክ ይነሳል። አንዱ ከለንደን ሰሜን ምሥራቅ፣ ሌላው ከለንደን ደቡብ። ስለዚህ ከአውሮፕላን ወርዶ፣ የእንግሊዝን ድንበር አልፎ፣ ከተማውን ማቋረጥ ሊኖርበት ነው። እንግሊዝ ደግሞ ሼንገን ውስጥ የለችም። የስዊድን መኖሪያ ፈቃድና የስደተኛ ሰነድ ይዞ ያለ ቪዛ አይገባባትም። ያን ቲኬት ቢገዛ ኖሮ ገና ከስቶክሆልም ሳይነሳ ይመልሱት ነበር። ገንዘቡም አርባውም ይቀርበት ነበር።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ነገር ይኸው ነው። ለሌላው ተሳፋሪ ቀጥታ በረራ ምቾት ነው። ለእኛ ግን ጥበቃ ነው። በመንገዳችን ላይ አገር በተጨመረ ቁጥር ሰነዳችንን የሚያገላብጥ ሰው ይጨመራል።

እንግዲህ ሦስት ሌሊት ተቀመጥኩ። ማታ የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቼ እፈልጋለሁ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከተማ ብቻ ሳይሆን ኤርፖርት ፈልጉ። ሚላን ማልፔንሳ፣ ሊናቴና ቤርጋሞ አሏት። ቤርጋሞ ከሚላን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ወደ ማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ የሚሄደው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በስቶክሆልም በኩል አርላንዳ አለ፤ "ስቶክሆልም ስካቭስታ" የሚባለው ደግሞ ከከተማው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኒሾፒንግ አጠገብ ነው። "ፍራንክፈርት ሃን"ም ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስሙ አያታላችሁ። የአውቶቡሱን ዋጋ ከቲኬቱ ጋር ደምሩት።

ሁለተኛ፣ ጎግል ፍላይትስ ወይም ስካይስካነር ላይ ገብታችሁ "ቀጥታ ብቻ" የሚለውን ምረጡ። ከዚያ አንድ ቀን ሳይሆን ወሩን ሙሉ እዩ። አርባው ቅዳሜ ይውል ነበር። ዓርብ ሄዶ እሁድ የሚመለሰው ከ200 ዩሮ በላይ ነው። ረቡዕ ሄዶ ማክሰኞ የሚመለሰው 34 ዩሮ! አውሮፕላኑ ያው፣ መንገዱ ያው፣ ቀኑ ብቻ ተለየ። አንዳንድ መስመር በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ ይበራል፤ አንዳንዱም በበጋቸው ብቻ። ስለዚህ ዛሬ ፈልጋችሁ ስታጡ የለም ብላችሁ አትተዉት።

ሦስተኛ፣ ካገኛችሁ በኋላ የምትገዙት ከአየር መንገዱ ከራሱ ገጽ ይሁን። በመካከል ያለ ሻጭ ጋ ከገዛችሁ ሰዓት ሲቀየር መልእክቱ ለእሱ ሊደርስ ይችላል፣ ለእናንተ ሳይሆን።

አራተኛ፣ ስም። ይህ የእኛ ሰው ጣጣ ነው። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለን እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የእህቴ ሰነድ የአባታችንንና የአያታችንን ስም አንድ ላይ የቤተሰብ ስም አድርጎታል። የወንድሜ የአያታችንን ብቻ ይዟል። የአንድ አባት ልጆች ሆነው በወረቀት አይዛመዱም። ቲኬት ላይ የምትጽፉት ቤት የምትጠሩበትን ሳይሆን ሰነዱ ላይ ያለውን ነው፣ ፊደል በፊደል። ርካሽ ቲኬት ላይ ስም ማስቀየር ከቲኬቱ በላይ ሊያስከፍል ይችላል።

አምስተኛ፣ በስልካችሁ ቼክ ኢን ብታደርጉም የአውሮፓ ፓስፖርት የሌለውን ሰው ሰነድ ጠረጴዛ ላይ የሚያዩ አየር መንገዶች አሉ። ትራቭል ዶክመንቱንም መኖሪያ ፈቃዱንም ዋናውን ያዙ፣ ፎቶው አይበቃም። በሼንገን ውስጥ የታወቀ ስደተኛ በሁለቱ ሰነዶች ከ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ሌላ አባል አገር መቆየት ይችላል። ጉዳያችሁ ገና በመታየት ላይ ያለ ግን በጥገኝነት ማመልከቻ ወረቀት አትሳፈሩ። 30 ዩሮ ለመቆጠብ ፋይላችሁን አደጋ ላይ አትጣሉ።

አንድ ተማሪዬ "ቲቸር፣ እነሱ ጋ ለምን ይረክሳል?" አለኝ። ከስቶክሆልም ቤርጋሞ 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ናይሮቢ አዲስ አበባ ከዚያ ያንሳል፣ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ እጥፍ ድርብ ነው። አውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 1997 ጀምሮ የአንዱ አባል አገር አየር መንገድ በሌላው አገር ሰማይ ላይ መንግሥት ሳያስፈቅድ መስመር እንዲከፍት አድርጓል። ፉክክሩ ዋጋውን ሰበረው። የእኛም አህጉር በ1999 ያሙሱክሮ ላይ ሰማይ እንክፈት ብሎ ወስኗል፤ በ2018 የአፍሪካ ነጠላ የአየር ትራንስፖርት ገበያ አዲስ አበባ ላይ ተመርቋል። ቲኬታችን ግን ገና አልረከሰም። ልጁም "ታዲያ እኛ ሎድዋር ለመሄድ ፈቃድ እየጠየቅን…" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ይደረግ።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። 34 ዩሮውን ልንከፍል ስንል "ሻንጣ ጨምርበት" አለኝ። በነጻ የሚፈቀደው ወንበር ሥር የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ናት። ሲጨመር 58 ሆነ። "ለስድስት ቀን ምን ትሸከማለህ? ገንዘብህን አታባክን" ብዬ ተቆጣሁት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ "ከቤት ስወጣ አባዬ የሰጠኝን ጋቢ ልወስድላት ነው፤ ትንሿ ቦርሳ ውስጥ አይገባም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ አልተናገርኩም።

ረቡዕ ዕለት ከሦስት ሰዓት በፊት ኤርፖርት ድረስ ብዬው ነበር። ደግ አደረግሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሠራተኛ ሰነዱን አገላብጣ፣ ስልክ ደውላ፣ 40 ደቂቃ አቆመችው። እኔ እዚህ ክፍል ውስጥ ሆኜ ስለ ስምጥ ሸለቆ እያስተማርኩ ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ እዳብሳለሁ። በመጨረሻ "ገባሁ" የምትል አንዲት ቃል መጣች።

ቅዳሜ በቪዲዮ ደወሉልኝ። እህቴ ጋቢውን ለብሳ ቡና ታፈላለች። የአባታችን ፎቶ ከረከቦቱ አጠገብ ቆሟል። ኔትወርኩ ተቆራረጠ፤ ድምፃቸው ጠፍቶ ምስላቸው ብቻ ቀረ። አብረው ሲያለቅሱ አየሁ፤ ያም በቃኝ።

ማታ ሳስበው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያለያያቸው 58 ዩሮ አልነበረም። እሱ "ሰነዴ አያሻግርም" ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ "ውድ ነው" ብላ ደምድማ ነበር። እኔም አልጠየቅሁም። አባታችን እስኪሞት ድረስ ማናችንም ቁጭ ብለን አልፈለግንም።

እናንተ ለቅሶ አትጠብቁ። አውሮፓ ውስጥ ወንድም ከእህት፣ እናት ከልጅ ያልተያዩ ካሉ ዛሬ ማታ ፈልጉላቸው። መፈለግ ያቃታችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፦ ከየት ወዴት፣ መቼ፣ በምን ዓይነት ሰነድ። የሰነድ ቁጥር አትላኩ፣ ለእኔም ለማንም። ደብተር አርሜ ስጨርስ አብረን እንፈልጋለን።

ቸር ያሰማን።